ከቦነሱ በፊት ቤዙን ጠይቁ

ደብረ ብርሃን በመጣሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። ጠባሴ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አንድ ወጣት ጠጋ ይልና «ወንድሜ፣ አሜሪካ ፓይለት መሆን ይቻላል አሉ፤ እውነት ነው?» ይለኛል። ዲቪ የደረሰው አለ። እህቱ ፕሮሰስ የጀመረችለት አለ። እዚያው አሜሪካ ሆኖ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሁለት ኩባንያ «ና» ብሎት ግራ የገባው ደግሞ ይደውልልኛል። እንዴት እንደሚጀመር የሚያወራ ሰው አይጠፋም። ከጀማሪ ተቀባይ አየር መንገዶች የቱ ይሻላል ለሚለው ግን እኔ በጊዜው በአማርኛ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፍ።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንነጋገር። አሜሪካ ውስጥ ዴልታ፣ ዩናይትድ ወይም አሜሪካን ብላችሁ ትኬት ትቆርጣላችሁ። ከትልቁ ከተማ ወደ ትንሹ የሚወስዳችሁ አውሮፕላን ቀለሙ የእነሱ ነው። የሚያበረው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ኩባንያ ነው። ሪጅናል የሚሏቸው እነዚህን ነው። ስካይዌስት ራሱን የቻለ ድርጅት ነው፤ ለዴልታም፣ ለዩናይትድም፣ ለአሜሪካንም፣ ለአላስካም ይበራል። ሪፐብሊክም እንደዚሁ ለብዙ ነው የሚሠራው። ኢንዴቨር የዴልታ ንብረት ነው። ኤንቮይ፣ ፒኤስኤ እና ፒድሞንት የአሜሪካን ናቸው። ሆራይዘን የአላስካ እህት ኩባንያ ነው። ትልልቆቹ ለእነዚህ በኮንትራት እየከፈሉ ያሠሯቸዋል። ኮንትራት የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

አውሮፕላኖቹ በአብዛኛው ከ50 እስከ 76 ወንበር ያላቸው ጄቶች ናቸው። ለምን 76 ላይ ቆመ ካላችሁ፣ የትልልቆቹ አብራሪዎች ማኅበር ከአሠሪዎቹ ጋር የተፈራረመው ስምምነት ነው የገደበው። ከዚያ የበለጠ አውሮፕላን ለሪጅናል እንዳይሰጥባቸው፣ እንጀራቸውን መጠበቃቸው ነው።

እዚያ ለመድረስ 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። በታወቀ ዩኒቨርሲቲ የአቪዬሽን ዲግሪ የያዘ በ1,000፣ ከጦር ኃይል የወጣ አብራሪ ደግሞ በ750 ሰዓት መግባት ይችላል። እኔ እንደ አብዛኛው ሰው ሜሪላንድ ውስጥ በሴስና 172 እያስተማርኩ ነው የሞላሁት። ስለዚያ ጊዜ ብዙ የማወራው የለኝም። ላብ ነው፣ ብድር ነው፣ የተማሪ ድንገተኛ ማረፍ ነው።

ሰዓቱ ሲሞላ ሁለት የሥራ ደብዳቤ እጄ ገባ። ሁለቱን ይዤ ለጥምቀት አገር ቤት መጣሁ። የኩባንያዎቹን ስም አልጠራም። አንደኛው ዳጎስ ያለ ቦነስ ነበረው፤ ግማሹ ሥልጠና ሲያልቅ፣ ግማሹ ከዓመት በኋላ የሚከፈል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የለቀቀ ግን ሙሉውን ይመልሳል። ቤዙ፣ ማለትም አብራሪው ሥራ የሚጀምርበትና የሚጨርስበት ከተማ፣ አንድም ዘመድ የሌለኝ መሀል አገር ነው። ሁለተኛው ለወጉ ያህል ትንሽ ቦነስ አለው። ቤዙ ግን ዋሽንግተን ነው፤ እህቴ የምትኖርበት፣ ከእኔም ቤት በመኪና የሚደረስበት።

የአክስቴ ልጅ የቦነሱን ዶላር በስልኩ ወደ ብር መታው። እማዬ ቁጥሩን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቤቱ ሁሉ በአንድ ድምፅ «አንደኛው!» አለ። አጎቴ ብቻ ዝም አለ። አጎቴ ከደብረ ብርሃን ላምበረት፣ በጫጫ በሸኖ፣ ዕድሜ ልኩን ዶልፊን የነዳ ሰው ነው። ጋቢውን ሰብሰብ አደረገና «ቆይ፣ ተራው እንዴት ነው?» አለኝ።

ተራ! ለእኔ ሦስት ኩባንያ ገለጻ ሰጥቶኝ ያልገባኝ ነገር በአንዲት ጥያቄ ወጣ። አስረዳሁት። የገባህ ቀን የተራ ቁጥር ይሰጥሃል፤ ሲኒየሪቲ ይባላል። ቤዝህን፣ የወሩን ፕሮግራምህን፣ የዓመት ዕረፍትህን፣ ካፒቴን የምትሆንበትን ጊዜ የሚወስነው እሱ ነው። ጎበዝ ስለሆንክ፣ አለቃ ስለወደደህ አይቀየርም። ወደ ሌላ ኩባንያ ብትሄድ ደግሞ አሥር ሺህ ሰዓት ቢኖርህም ከመጨረሻ ትጀምራለህ።

«እንደኛው ነዋ!» አለ። «ተራህን ጥለህ ሌላ መናኸሪያ ብትሄድ፣ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ ብትል ማን ይሰማሃል? ከኋላ ነው የምትሰለፈው። ስለዚህ ሰልፉ ቶሎ ቶሎ የሚነሳበትን ነው እንጂ የሚመረጠው፣ መግቢያው ላይ ሻይ የሚጋብዝህን ነው እንዴ?»

እንግዲህ ሰልፉ መነሳቱን በምን ታውቃላችሁ? ከፊታችሁ ያሉት ወደ ትልልቆቹ እየሄዱ ቦታ ሲለቁ፣ ከኋላችሁም አዲስ ሰው ሲገባ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋል። ከፊት ሰው እየሄደ ከኋላ የሚገባ ከሌለ፣ የመጨረሻው ተራ ላይ ያላችሁት እናንተው ናችሁ፤ መጥፎ መጥፎው ፕሮግራም ሁሌም የእናንተ ነው። ኩባንያው የሚያሳያችሁን ወረቀት ብቻ አትመኑ። ከስድስት ወር በፊት የገባ ሰው ፈልጉና «ካንተ በኋላ ስንት ሰው ገባ? አሁንም ሪዘርቭ ላይ ነህ?» በሉት፤ ሪዘርቭ ፕሮግራም ሳይኖርህ ስልክ እየጠበቅህ መቀመጥ ነው። መልሱን ሳይጨርስ ፊቱ ይነግራችኋል።

«በስድስት ወር ካፒቴን እናደርግሃለን» ለሚል ጀማሪ ፈላጊም ጆሮ አትስጡ። በሕጉ መሠረት አንድ ረዳት አብራሪ ካፒቴን ለመሆን በአየር መንገድ ሥራ 1,000 ሰዓት ሊኖረው ይገባል። በወር 80 ሰዓት ብትበሩ እንኳ ከዓመት ያልፋል። ሪዘርቭ ላይ ከተቀመጣችሁ ደግሞ 80ው 30 ሊሆን ይችላል።

አጎቴ ሁለተኛ ጥያቄ ነበረው። «የት ነው የምታድረው?» አለኝ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ አብራሪ የሚኖርበትና ቤዙ አይገናኙም። ሥራው ሰኞ ጠዋት ከሆነ እሑድ ማታ ራሱ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ ቤዙ ይሄዳል። ትርፍ ወንበር ካለ ነው፤ ከሌለም ኮክፒት ውስጥ ጃምፕ ሲት የምትባል ታጣፊ ወንበር አለች። ይህ ጉዞ አይከፈልበትም። የባሰው ደግሞ፣ እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ዕረፍት ነው የሚቆጠረው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ኮልጋን ኤር የሚባል ሪጅናል ከኒውዋርክ ወደ በፋሎ ሲበር ለማረፍ ጥቂት ሲቀረው ወደቀ። አውሮፕላኑ ዳሽ 8 ኪው 400 ነው፤ የእኛው አየር መንገድ ለአገር ውስጥ የሚጠቀምበት ዓይነት። ተሳፍረው የነበሩት 49 ሰዎችና መሬት ላይ ቤቱ ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። ዋናው ምክንያት ፍጥነቱ ወርዶ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ካፒቴኑ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ እንደ ማድረግ መሪውን ወደ ራሱ መሳቡ ነው። መርማሪዎቹ ግን ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው ሁለቱ የት እንዳደሩ ጠየቁ። ረዳት አብራሪዋ ሲያትል አካባቢ ነበር የምትኖረው። ሌሊቱን በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን አገሩን አቋርጣ ነው ሥራ የገባችው። ካፒቴኑ ኑሮው ፍሎሪዳ ነበር፤ ኤርፖርቱ ውስጥ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ነበር ያሳለፈው። ሁለቱም ኒውዋርክ ውስጥ ማደሪያ አልነበራቸውም። ድካሙ ምን ያህል አስተዋጽኦ እንዳደረገ በቁጥር መለየት አይቻልም ተባለ፤ እንደጎዳቸው ግን ሪፖርቱ ላይ ተጽፏል።

ዛሬ ያለው የ1,500 ሰዓት ሕግ ከዚያ አደጋ በኋላ፣ በ2013 የመጣ ነው። በ2014 መጀመሪያም በሁለት የሥራ ፈረቃ መሀል 10 ሰዓት ዕረፍት የሚያስገድደው ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ከቤት ወደ ቤዝ የሚደረገውን ጉዞ ግን ማንም ሕግ አልነካውም። ያ የራሳችሁ ጣጣ ነው።

ሁለተኛውን ኩባንያ መረጥኩ። ይሁንና አንድ ነገር ልብ በሉ። «ዋሽንግተን ቤዝ አለን» ማለት «ዋሽንግተን እንመድብሃለን» ማለት አይደለም። እዚያም ተራ አለ። ዋሽንግተን ብዙ ሰው የሚፈልገው ቤዝ ስለሆነ አዲስ ገቢ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይጣላል። ይህን ከመፈረሜ በፊት ጠይቄ ስለነበር አልደነገጥኩም። ጥቂት ወራት በሌላ ከተማ ሠርቼ ነው የተዛወርኩት።

እነዚያን ወራት ያደርኩት ክራሽ ፓድ በሚሉት ቤት ነው። ለአብራሪና ለሆስተስ በአልጋ የሚከራይ ቤት ማለት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ተደራራቢ አልጋ አለ፤ እያንዳንዱ መጋረጃ አለው። አንሶላህን በከረጢት ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለህ። ስትመጣ ታነጥፋለህ፣ ስትሄድ ትጠቀልላለህ። ከላይህ ያለው ሰው በሌሊት 9 ሰዓት ስልኩ ይጮሃል፤ በባትሪ ብርሃን ካልሲውን ይፈልጋል። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ላይ ስም ተለጥፏል። እኔ ሽሮዬ ላይ ስም መለጠፍ አላስፈለገኝም፤ ማንም አልነካውም። አንድ ቀን ሽንኩርት በበርበሬ ሳቁላላ የጭሱ ደወል ጮኸና ከሌሊት በረራ የገባ ካፒቴን በቁምጣ ደጅ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እህቴ ሠርታ፣ አቀዝቅዛ፣ በፌስታል ትቋጥርልኝ ጀመር።

ሪዘርቭን ያልቀመሰ ሰው ቤዝ ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቅ አይገባውም። ሪዘርቭ ማለት ፕሮግራም የለህም፤ ስልክ ትጠብቃለህ። ሲደወል ብዙ ጊዜ በሁለት ሰዓት ውስጥ ኤርፖርት መገኘት አለብህ። ቤትህ ቤዙ ከተማ ከሆነ ልብስ እያጠብክ፣ ቡና እያፈላህ ትጠብቃለህ። ካልሆነ አምስት ቀን ሙሉ ያቺ አልጋ ላይ መጋረጃ ዘግተህ ነው የምትጠብቀው። የሚደውል ላይኖርም ይችላል! ደመወዙ አንድ ዓይነት ነው፤ ኑሮው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ከቤዝ ውጭ መኖር ግድ ከሆነባችሁም የኩባንያውን የተመላላሽ ደንብ አንብቡ። አንዳንዱ ጋ ሁለት በረራ ሞክረህ ቦታ ካጣህ አትቀጣም። አንዳንዱ ጋ ደግሞ እንደ ቀሪ ይጻፍብሃል።

በነገራችን ላይ፣ ጀማሪ የመሆን አንድ ጥቅም አለ፤ ለእኛ ብቻ የተፈጠረ ይመስለኛል። አሜሪካኖቹ የሚራኮቱት ለታንክስጊቪንግና ለዲሴምበር 25 ነው። ገናችንን በጃንዋሪ 7፣ ጥምቀትን በ19 ማንም አይፈልጋቸውም። እኔ ዲሴምበር 25ን እየሠራሁ፣ የሰልፉ ጅራት ላይ ሆኜም ለበዓሉ ደብረ ብርሃን እገኛለሁ። ብቻ በሠራተኛ ቅናሽ ቲኬት እመጣለሁ ብላችሁ እንዳትሞኙ። በዚያ ሰሞን ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚመጣው በረራ ዲያስፖራ ጢም አድርጎ ነው የሚሞላው፤ ትርፍ ወንበር ጠብቆ መምጣት ሕልም ነው። እንደ ሰው ከፍዬ ነው የምመጣው።

አሁን ወደዚያች ኮንትራት። ሪጅናል የራሱ ትኬት የሚቆርጥ ደንበኛ የለውም፤ እንጀራው ያለው ትልቁ ኩባንያ እጅ ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ትራንስ ስቴትስ እና ኮምፓስ በኤፕሪል ወር በቀናት ልዩነት ተዘጉ። ኤክስፕረስጄት በሴፕቴምበር መጨረሻ ለዩናይትድ መብረሩን አቆመ። እነዚያ አብራሪዎች ተራቸው ስንተኛ ነበር? ምንም ለውጥ አያመጣም። መናኸሪያው ራሱ ፈረሰ። ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ «የምትበሩት ለማን ነው? ኮንትራቱ መቼ ያልቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለአንድ ብቻ የሚበርና ኮንትራቱ ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ ቦነሱ ለምን እንደበዛ መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። የትልቁ አየር መንገድ ንብረት የሆኑትም ሆኑ ለብዙ የሚበሩት ሻል ይላሉ። ዋስትና ግን ማንም የለውም።

ስለ ገንዘቡ አጠር አድርጌ። የሚከፈለው በበረራ ሰዓት ነው። ብትበሩም ባትበሩም የምታገኙት ዝቅተኛ የወር መጠን አለ፤ ብዙዎቹ ጋ 75 ሰዓት ገደማ። ድሮ የጀማሪ ደመወዝ አሳፋሪ ነበር። በ2022 ኤንቮይ፣ ፒድሞንትና ፒኤስኤ ለጀማሪ ረዳት አብራሪ በሰዓት 90 ዶላር ሲሰጡ ሌሎቹም ተከተሉ። 75 ሰዓት በ90 ስታባዙት ግብር ሳይነካው 6,750 ዶላር ነው። ያኔ የደመወዝ ልዩነቱ ጠበበ፤ ስለዚህ በሰዓት ሁለትና ሦስት ዶላር ልዩነት እንቅልፍ አትጡ። ቦነሱ ላይ ግን ሦስት ነገር አጣሩ፤ መቼ ይከፈላል፣ ብትለቁ ከግብር በፊት ያለውን ነው ወይስ እጃችሁ የገባውን የምትመልሱት፣ ኩባንያው ራሱ ከሥራ ቢቀንሳችሁስ? አንድ የማውቀው ልጅ በሦስተኛው ጥያቄ ነው የተጎዳው።

ሌላው ማባበያ «ፍሎው» የሚሉት ነው። ለምሳሌ ኤንቮይ ከገባህ፣ ተራህ ሲደርስ ያለ ሌላ ኢንተርቪው ወደ አሜሪካን ትሻገራለህ። ጥሩ ነገር ነው፤ በተለይ እንደ እኔ ኢንተርቪው ላይ ምላሱ ለሚተሳሰር። ነገር ግን ትልቁ ቅጥር ሲያቆም ፍሎውም አብሮ ይቆማል። እንደ ተጨማሪ በር ቁጠሩት እንጂ፣ እሱን ብቻ ብላችሁ ኑሯችሁን የሚያናጋ ቤዝ አትቀበሉ።

ኢንተርቪው ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ከፍታ ሳይጠይቋችሁ አይቀሩም። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ክንፉም ጉልበቱ ይቀንሳል፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። ጠያቂዬ ዴንቨርን ምሳሌ አደረገ፤ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። እኔ የተወለድኩበት ከተማ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ቦሌ ኤርፖርት እንኳ 2,300 ያልፋል ስለው ብዕሩን አስቀመጠ። የቀረው ጊዜ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ሆነ። የሰሜን ሸዋ ልጅ ከሆናችሁ ይቺን በነጻ ውሰዷት።

እዚሁ ለመቅረት ለምታስቡት ነገሩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን በራሱ ዩኒቨርሲቲ ያሠለጥናል። በዓለም አቀፉ መስፈርት የንግድ አብራሪ ፈቃድ 200 ሰዓት ነው የሚጠይቀው፤ በተፈቀደ ሙሉ ኮርስ ከሆነ 150። ስለዚህ 1,500 መሙላት፣ ሪጅናል መምረጥ የሚባል ጣጣ የለም፤ ጀማሪው ዳሽ 8 ላይ ወይም ከዚያ በሚተልቅ ላይ ይቀመጣል። የምትፈርሙት የአገልግሎት ግዴታ አለ፤ ዓመቱንና ብትለቁ የሚጠየቀውን ገንዘብ ዋስ ከሚሆናችሁ ዘመድ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። በራሱ ገንዘብ ተምሮ ፈቃድ ያወጣ ደግሞ ካራቫን የምትባለዋን ትንሽ አውሮፕላን የሚያበሩ የግል ድርጅቶች አሉለት። ውጭ የወጣ ፈቃድ እዚህ እንዲሠራ በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በኩል መለወጥ አለበት።

አሜሪካ ላላችሁም ለምትሄዱም፣ ለትምህርት ቤት አንድ ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት የአንደኛ ደረጃ ሜዲካል አውጡ። በአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ የተመደቡ ሐኪሞች አሉ፤ እነሱ ጋ ነው የሚኬደው። ልብ፣ ጆሮ፣ ቀለም የመለየት ችሎታ ያያሉ። ባለፈው ጥምቀት አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ «መነጽር ስለማደርግ ተውኩት» አለኝ። ማን እንዳለው እንጃ። በመነጽር ተስተካክሎ 20/20 ካየህ ያልፋል። እኔም በመነጽር ነው የማበረው፤ መለዋወጫው ሻንጣዬ ውስጥ አለ።